ደንቆሮ ጫካ ደርሰን መጣን፦ ቀይ ቀበሮ ማየት ለምትፈልጉ ሁሉ

ለጫካው 5 ኮከብ፣ ለአስጎብኚው ልጅና ለስካውቱ (ለጫካው ጠባቂ) 5 ኮከብ፣ ደሴ ላይ ጉዞውን ለሸጠልን ሰውዬ ግን አንድም ኮከብ የለኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን መሄድ የምታስቡ ካላችሁ እስከመጨረሻው አንብቡት፣ እኛ ያወጣነውን ያለቦታው የወጣ ብር እናንተ እንዳታወጡት ብዬ ነው።

እኔ ደሴ ተወልጄ ደሴ ያደግኩ ነኝ። ቀይ ቀበሮ ሲባል ትዝ የሚለኝ ባሌ ነበር፣ ከዛ ሰሜን ተራሮች። ከእህቴ ልጅ ጋር ባሌ ለመሄድ ሁለት ዓመት ብር ስንቆጥብ ቆይተን አንድ ቀን አንድ የባዮሎጂ አስተማሪ የሆነ ዘመዳችን ቡና ላይ "እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ እያለላችሁ ባሌ ምን አስኬዳችሁ?" ሲለን ደነገጥኩ በእውነት። ቦረና ሳይንት! የዛ አገር ሰው ስንት ጊዜ ሰኞ ገበያ አግኝቼ አውርቻለሁ፣ አንድም ቀን ቀበሮ ብሎ ያነሳልኝ የለም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ግሸን በመስከረም 21 ስንት ሺ ሰው ከየአገሩ ይጎርፋል፣ እዛው ወሎ ውስጥ በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀረ እንስሳ አለ እኛ ግን አናውቀውም። ከ500 በታች ያልኩት ያደጉትን ነው፣ ከነዛም ውስጥ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው፣ የቀረው በየተራራው ጫፍ ትንሽ ትንሽ ሆኖ ተበታትኖ ነው፣ ወሎ ላይ እዚህ ቦረና ሳይንትና ወደ ላሊበላ በኩል ደሞ አቡነ ዮሴፍ ላይ አለ። ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አገር የለም።

ቦታው ድሮ ደንቆሮ ጫካ ነው የሚባለው፣ አሁን ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ነው ስሙ፣ የአገሩ ሰው ግን አሁንም ደንቆሮ ነው የሚለው። በስሙ አትሳቁ፣ አስጎብኚያችን "ጫካው ድምፅ ስለሚውጥ ነው፣ እዚህ ሆነህ ብትጣራ እዛ ማዶ ያለው አይሰማህም" ብሎ ነው ያስረዳን፣ ውስጡ ስንገባ ደሞ እውነቱን ነው፣ የእህቴ ልጅ ሃምሳ እርምጃ ቀድማን ሄዳ ስጠራት አልሰማችኝም።

እሺ ወደ ሰውዬው። ደሴ ላይ "እኔ አደርሳችኋለሁ፣ መኪናው ጫካው አፍ ድረስ ይገባል፣ ማደሪያው ተይዟል፣ ቀበሮ መቶ በመቶ ታያላችሁ" ብሎ ግማሹን ብር ቅድሚያ ተቀበለን። ከዚህ በፊት ስንት ሰው ወስዷል ስንለው ስልኩ ላይ ፎቶ ያሳየናል፣ ኋላ ሳስበው ፎቶው ላይ ያለው ተራራ ባሌ ነበር። ያመጣው መኪና ዝቅ ያለች የከተማ መኪና ነች፣ ሹፌሩ ደሞ መንገዱን በእድሜው አይቶት አያውቅም። ከዋናው መንገድ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ሆዷ ድንጋይ ነካና "ከዚህ በላይ አልሄድም" አለን፣ እውነቱን ነው እሱ ምን ያርግ፣ መኪናዋ አትችልም። ከነሻንጣችን አወረደን፣ የተያዘ ማደሪያ የሚባለውም አልነበረም፣ ሰውዬው ጋ ስንደውል መጀመሪያ "አብሽሩ ሰው እየላክሁ ነው" አለ፣ ከዛ ስልኩ ተዘጋ። አንድ ሰው ስለ ቀበሮ "መቶ በመቶ ታያለህ" ካላችሁ በቃ ከዛው ላይ ተነሱና ሂዱ፣ ቀበሮ እኮ የታሰረ በግ አይደለም።

መንገዱን ግን ልመስክርለት። ከደሴ ወጥታችሁ ጉጉፍቱን ስትወጡ ብርዱ በመስኮት ገብቶ ፊት ይገርፋል፣ የገብስ አውድማው፣ ጋቢና በርኖስ የለበሰው ሰው፣ በጉ፣ ከዛ አቀስታ፣ ከዛ ሽቅብ ቁልቁል እያላችሁ መካነ ሰላም። ከአዲስ አበባ የምትመጡ ደሴ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ቀን ደሴ እደሩና በነጋታው በጠዋት ውጡ፣ በአንድ ቀን እንጨርሳለን ብላችሁ አትድከሙ። አቀስታ ላይ ቁርስ የበላንበት ቤት ፍርፍሩ ጥሩ ነው፣ ሻዩ ቅርንፉድ የበዛበት።

ያወረደን ቦታ ላይ እንጨት ተሸክማ የምትሄድ አንዲት ልጅ አግኝተን "እታለም፣ ለጫካው አስጎብኚ የት ይገኛል?" ስንላት እንጨቷን አስቀምጣ ራሷ ይዛን ሄደች፣ ሳንቲም ብንሰጣት እምቢ አለች። ጉዞው የተስተካከለው ከዛ በኋላ ነው። መግቢያውን በደረሰኝ ከፈልን፣ አስጎብኚ ተሰጠን፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ተሰጠን፣ በቅሎ ከነባለቤቷ ተከራየን። ያ ሁሉ ተደምሮ ደሴ ላይ ለሰውዬው ቅድሚያ የከፈልነውን አንድ ሦስተኛ አይሆንም!! ደሞ ብሩ እዛው ሰፈር ነው የሚቀረው፣ በቅሎዋን ያከራየን ሰውዬ ጫካው ዳር የሚያርስ ገበሬ ነው፣ ልጁን የሚያስተምረው በሱ ነው። እኔ ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል፣ ቀበሮው በመኖሩ አንድ ገበሬ ቤት ብር ከገባ ገበሬው ቀበሮውን ይጠብቀዋል፣ ብሩ ደሴ ወይ አዲስ አበባ ደላላ ኪስ ከቀረ ግን ለሱ ቀበሮው ምኑም አይደለም።

ጫካውን እንዴት አርጌ ልንገራችሁ። ታችኛው ጥድና ወይራ ነው፣ ጥዱ ግንዱ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም፣ ከላዩ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎበታል፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል፣ ጥሩ ሽታ ነው። ትንሽ ከፍ ስትሉ ኮሶው ይመጣል፣ አበባው ቀይ ዘለላ ሆኖ ወርዶ። ስካውቱ ጋሼ (ስማቸውን አልጽፍም፣ ሽምግል ያሉ የቦረና ሰው ናቸው) በዱላቸው ወደላይ አሳዩን፣ ጉሬዛ! አምስት ይሆናሉ፣ ጥቁሩ ላይ ነጩ ፀጉር እንደ ነጠላ ጥለት በሁለት በኩል ወርዶ፣ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ያ ነጩ ይበተናል። አንዷ ልጇን ይዛ ነበር፣ ልጇ ሙሉ ነጭ ነው፣ እኔ ሌላ እንስሳ መስሎኝ "ይሄ ደሞ ምንድነው?" ስል ጋሼ "አብሽሪ ልጄ፣ ሲያድግ ይጠቁራል" አሉኝ። ድኩላ ደሞ ኮቴውን ነው ያየነው፣ የነብርም ኮቴ ጭቃ ላይ አሳይተውናል፣ የእህቴ ልጅ ከዛ በኋላ ከጋሼ አንድ እርምጃ አልራቀችም።

እየወጣችሁ ስትሄዱ ዛፉ ያጥርና አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ይሆናል፣ ከዛ አስታውም ያልቅና ጓሳ ሳርና ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ብቻ ይቀራል። እዛ ከ3 ሺ 500 ሜትር በላይ ናችሁ፣ መተንፈስ ይከብዳል፣ ቶሎ ቶሎ አትራመዱ። ወደ ምዕራብ የሚታየው ገደል ወደ አባይ የሚወርድ ነው፣ ማዶው ጎጃም ነው። ማታ ድንኳናችንን ተክለን፣ ሁለት ሹራብ ለብሼ፣ ጋቢ ደርቤ፣ አሁንም ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር፣ የበቅሎዋ ባለቤት አይቶኝ ምንም ሳይል የራሱን ባና አምጥቶ ደረበልኝ። ባና የማታውቁ ካላችሁ፣ ደጋ ላይ ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም የሚኮሰኩስ ብርድ ልብስ ነው፣ ከባድ ነው ግን ከስሩ ስትገቡ እሳት ነው። እሱ በምን እንዳደረ እግዜር ይወቅ፣ ጠዋት ስጠይቀው "እኛ ለምደነዋል እቴ" አለኝ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጋሼ "ተነሱ ተነሱ፣ ጭላዳዎቹ እየወጡ ነው" ብለው ቀሰቀሱን። ጭላዳ ገደል ላይ ነው የሚያድረው፣ ነብርና ጅብ እንዳይደርስበት፣ ፀሐይ ስትወጣ ከገደሉ ጫፍ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ይላሉ፣ መጀመሪያ ጭንቅላት፣ ከዛ ትከሻ፣ ከዛ ቁጭ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ ልክ እንደ ደጋ ሽማግሌ። ትልልቆቹ ወንዶች ጎፈራቸው እስከ ወገብ ነው፣ ደረታቸው ላይ ቀይ ራቁት ቆዳ አለ፣ ንፋስ ሲመጣ ጎፈራው ይከፈትና ይታያል። ከዛ ሳር መጋጥ ይጀምራሉ፣ ከዝንጀሮ ዘር እንደዚህ ሳር በልቶ የሚኖር ጭላዳ ብቻ ነው። በቀረቡን ሰዓት ድምፁን ሰማሁት፣ በሁለት እጃቸው ሳሩን ሲነጩት ቅጭ ቅጭ ቅጭ ይላል፣ መቶ ምናምን ሆነው አንድ ላይ ሲነጩ ዝናብ ሊጀምር ሲል ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው የመጀመሪያው ጠብታ ይመስላል። እርስ በርሳቸው ደሞ ያወራሉ፣ ማጉረምረም፣ ማቃሰት፣ ሴቶች ቡና ላይ ሲያሙ ያለው ድምፅ ነው ያለችው የእህቴ ልጅ፣ ልክ ነች።

ቀበሮውን ግን የመጀመሪያው ቀን አላየነውም፣ ሁለተኛውም ቀን እስከ ቀትር አላየነውም። ይሄን የምነግራችሁ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ካላደራችሁ አትሂዱ ለማለት ነው። ሁለተኛው ቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስጎብኚው ልጅ ድንገት ቁጭ አለና በእጁ ቁጭ በሉ አለን። እኔ ምንም አላየሁም፣ ሳሩ ብቻ ነው፣ ከዛ ሳሩ ውስጥ አንድ ቀይ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ቀይ ሲባል እኔ ቡናማ ነገር ነበር የጠበቅኩት። ቀይ ነው! የተቃጠለ ሸክላ ቀይ፣ አንገቱ ስርና ደረቱ ነጭ፣ ጭራው ጫፉ ጥቁር፣ እግሩ ረጃጅም፣ አፉ ሹል። መካከለኛ ውሻ ያህላል። ስሙ ቀበሮ ይባላል እንጂ ዘሩ የተኩላ ነው፣ አስጎብኚያችን ነው የነገረን። ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ጆሮውን ወደፊት ይቀስራል፣ አንገቱን ዘንበል ያረጋል፣ መሬት ውስጥ ያለውን አይጥ እየሰማ ነው። ከዛ ሆዱ መሬት እስኪነካ ዝቅ ብሎ አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ አንድ እርምጃ፣ ቆም፣ አንዱን የፊት እግሩን አንስቶ በአየር ላይ ይዞ ምን ያህል እንደቆየ! እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ዘለለ። አፈሩ ተበተነ፣ በፊት እግሮቹ ቶሎ ቶሎ ቆፈረ፣ ቀና ሲል አፉ ላይ አይጥ አለ፣ ጭራዋ ተንጠልጥሎ። ሁለት ጊዜ ብቻ አላመጠና ዋጠ። ከዛ ወደኛ ዞሮ አየን፣ አልሮጠም፣ አየንና መንገዱን ቀጠለ፣ በጭላዳዎቹ መሃል ሰንጥቆ አለፈ፣ እነሱም አልሸሹም እሱም አልነካቸውም። ጎረቤት ናቸው በቃ። ሰሜን ሸዋ መንዝ ጓሳ ላይ ይሄን ያጠኑ ሰዎች አሉ፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሃል ሆኖ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ፣ ሳሩ ውስጥ ያለችው አይጥ በጭላዳው ተዘናግታ ነው የሚሉ አሉ። የእህቴ ልጅ ስታለቅስ ነበር፣ እኔም ዓይኔ እንባ ሞልቶት ነበር፣ አላፍርም።

አስጎብኚው ልጅ ጎበዝ ነው ያልኩት ከዚህ በኋላ ባደረገው ነው። ጥር ላይ ነበርና የሄድነው ቡችሎች ከጉድጓድ መውጣት የሚጀምሩበት ጊዜ ነው፣ ጉድጓዱ የት እንዳለ ያውቃል፣ እኔ "ከሩቅ አንድ ፎቶ ብቻ" ብዬ ለመንኩት፣ ብር ልጨምርልህም አልኩት፣ "አይሆንም እቴ፣ ሰው ከቀረባት እናቲቱ ልጆቿን በአፏ አንጠልጥላ ሌላ ቦታ ትወስዳለች፣ በብርድ አንዱ ይሞትባታል" አለኝ። ጥያቄዬ ትክክል አልነበረም፣ የሱ መልስ ነው ትክክሉ። ይሄን የማይል አስጎብኚ ካጋጠማችሁ እናንተ ንገሩት።

ማታ እሳት ዳር ጋሼን "ቀበሮውን የሚገድለው ምንድነው፣ ሰው ነው ወይ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ሰውም ነው አሉ፣ ከሰው ይበልጥ ግን ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ። እረኛው ውሻውን ይዞ ጓሳው ድረስ ይወጣል፣ ውሻው ታሞ ከሆነ ቀበሮውን ይነክሰዋል፣ ቀበሮ ደሞ ብቻውን ያድናል እንጂ የሚኖረው በቤተሰብ ነው፣ ማታ ማታ ተገናኝቶ ይላላሳል፣ አንዱ ከታመመ ቤተሰቡ በሙሉ ያልቃል። ባሌ ላይ በተደጋጋሚ እንደዛ ሆኖ ብዙ አልቋል፣ ለዛ ነው የአካባቢውን ውሻ የሚከትቡት፣ በ2010 ደሞ ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ በፍየል ስጋ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ ክትባት ባሌ ላይ ተጀምሯል። በነጋታው አንድ እረኛ ልጅ ከነውሻው አገኘንና ጋሼ "ውሻህን አስከትበኸዋል?" ሲሉት "ከጅብ ማን ያድነኝ ታዲያ" ብሎ መለሰ፣ ያልተጠየቀውን ነው የመለሰው ግን እውነቱን ነው፣ በጉ ሀብቱ ነው፣ ውሻ አትያዝ ማለት አይቻልም። ክትባቱ እዛ ድረስ ይምጣለት እንጂ።

እዛ ጫፍ ላይ ቆመን ጎጃምን እያየን አስጎብኚው "ጮቄም ነበር ድሮ፣ አሁን የለም" አለን። ጮቄ ተራራ ላይ የነበረው ጠፋ፣ መሬቱ ታረሰ፣ ቀበሮው የሚሄድበት አጣ። ከአባይ ማዶ ነው እኮ ያለው። እዚህ ያለው ከጠፋ ከየት ይመጣል?

አሁን ስለ ዕቃና ስለ ጊዜ። ክረምት አትሂዱ፣ ጭጋግና ጭቃ ነው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ጥሩ ነው፣ ብርዱ ግን ጥር ላይ ይብሳል። ከመሄዳችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን አገሩ ላይ ዘመድ ያለው ሰው አስደውላችሁ ጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ አትነሱ። ከፍ ያለ መኪና ያዙ፣ ካልተገኘ በሕዝብ መኪና እስከ መካነ ሰላም ሄዳችሁ እዛው ጨርሱ፣ እኛ በድጋሚ ስንሄድ እንደዛ ነው የምናደርገው። ድንኳን፣ ወፍራም ጋቢ፣ ጓንት፣ የሚያፈላ ነገር፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ያዙ፣ እንጀራ ሁለተኛው ቀን ይደርቅባችኋል። ኔትወርክ አትጠብቁ። ስልክ ካሜራ ለጭላዳ ይበቃል ለቀበሮ አይበቃም፣ ባይኖኩላር ከሰው ተዋሱ፣ እኛ አስጎብኚው የነበረውን አንድ አሮጌ ለሦስት ተራ ነው ያየንበት። ፌስታልና የውሃ ኮዳ እዛ አትጣሉ፣ ጭላዳ ያነሳዋል። ምግብም አትስጧቸው።

ደሞ ለስካውቶቹ የባትሪ ድንጋይ ይዛችሁ ሂዱ። ጋሼን "ከደሴ ምን ልላክልዎት?" ስላቸው ብር ይላሉ ብዬ ነበር፣ "ልጄ የባትሪ ድንጋይ ነው የሚቸግረን፣ ሌሊት ጥድ የሚቆርጥ ሲመጣ በጨለማ ነው የምንሮጠው" አሉኝ። የኔን ባትሪ ትቼላቸው መጣሁ ግን ድንጋዩ እስካሁን አልቋል፣ ትልቁን ነው የሚጎርሰው፣ አራት ይበቃዋል።